«መርማሪ» ሲባል ለምን እንደነግጣለን?

ባለፈው ክረምት ስለ ውኃ መቋረጥ የሰፈሩን ሰው ለማነጋገር የአንዲት እናት ደጃፍ ቆሜ፣ «እማማ፣ እንደምን አደሩ፤ እኔ መርማሪ ጋዜጠኛ ነኝ» አልኳቸው። ሁለተኛውን ቃል የሰሙት አልመሰለኝም። የመጀመሪያው በቅቷቸዋል። ነጠላቸውን ሰብስበው «ልጄ ምን አደረገ?» አሉኝ። ውኃ፣ ቧንቧ ብዬ እስካስረዳቸው ድረስ ከበሩ አልተንቀሳቀሱም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃሉን ከውጭ አገር የሙያ ስም ተርጉመን አመጣነው እንጂ በአማርኛችን ውስጥ ምን ተሸክሞ እንደኖረ አላየንም።

እስቲ ከዘመዶቹ ጋር እናስተያየው። «መርማሪ» እና «ተመራማሪ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። ተመራማሪው ስለ ከዋክብት፣ ስለ ጤፍ ዘር፣ ስለ አሮጌ ብራና ይመራመራል፤ ሲያገኝ እናከብረዋለን፣ ባያገኝም ማንም አይፈራውም። መርማሪ ግን ፊት ለፊቱ የሚመረመር ይፈልጋል፤ ወይ በሽተኛ ወይ ተጠርጣሪ። «አጣሪ» ለስለስ ይላል፤ የደፈረሰውን አጥርቶ ለማሳየት የተቀመጠ ሰው ነው። «ጠያቂ» ደግሞ ከሁሉም ይሞቃል፤ የታመመ የሚጎበኝ፣ ለታሰረ ስንቅ የሚያደርስም ጠያቂ ይባላል። ግእዙ «ሐተተ» ይላል፤ መረመረ፣ ጠየቀ ማለት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተጻፈ የሚነገረው የዘርአ ያዕቆብ መጽሐፍ ስሙ ሐተታ መሆኑ በዚህ ምክንያት ነው (ጸሐፊው ማን ነው የሚለው የሊቃውንት ክርክር ዛሬም አልበረደም)። እኛ ግን ሐተታን የረዘመ ማብራሪያ አድርገን አስቀረነው። «ሐተታ አታብዛ» ስንል ጠይቆ መመርመር የነበረው ቃል ወሬ ማርዘም ሆኗል።

ታዲያ ምርመራ ወደ ሰው ብቻ የዞረው መቼ ነው? በፖሊስ አልተጀመረም። አፈርሳታና አውጫጭኝ የሚባለውን አያቶቻችን ያውቁታል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራው አይመለስም። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቅና ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ዕዳውን ይከፍላል። ሁለቱም አጥፊ የማግኛ መንገዶች ነበሩ። የሚመረመረው ግን ሁልጊዜ ባላገሩ ነው። ገዢውን ሜዳ ላይ አስቀምጦ «አውጣ» ያለ አፈርሳታ አልሰማሁም።

ለዚህ ነው የ1966ቱ መርማሪ ኮሚሽን ለእኔ ትልቅ ነገር የሚሆንብኝ። የወሎ ረሀብ ተደብቆ የስንቱን ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ከወደቀ በኋላ፣ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ባለሥልጣናትን የሚመረምር አካል ተቋቋመ። ረሀቡን ማን ደበቀ? የሕዝብ ገንዘብ የት ገባ? ከአባላቱ መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ዶክተር በረከት ሀብተ ሥላሴ ነበሩበት። «መርማሪ» የሚለው ቅጽል ፊቱን ወደ ላይ አዞረ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ ሰው ስለ ሥራው መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ። አስቡት፣ ይህ የሆነው ሚኒስትር በአጠገብ ሲያልፍ እጅ በሚነሳበት አገር ነው።

ደርግ ግን ችኩል ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ፊልሙ ያሳየው ረሀብ እውነት ነበር። አቀራረቡ ግን ሕዝቡን ለፍርድ እንጂ ለጥያቄ አላዘጋጀም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ እንዳልካቸው መኮንን፣ ራስ አሥራተ ካሣና ሌሎችም፣ በድምሩ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። የኮሚሽኑ ሥራ አላለቀም ነበር። መልስ የሚጠበቅባቸው ሰዎች አፈር ለበሱ፤ ጥያቄውም አብሮ ተቀበረ። አንዳንድ ወዳጆቼ «እነሱ እኮ ጥፋተኞች ነበሩ» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ያንን ለማወቅ የተቋቋመው ኮሚሽን ነበር፤ በጥይት የተቋረጠውም እሱ ነው። በረከት ከዚያ በኋላ ሸሽተው ኤርትራ ገቡ። መስፍን ግን የረሀቡን ጥያቄ አልተዉትም፤ ገጠሩ ለምን ይራባል የሚለውን ይዘው በ1984 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተሙ። ከኮሚሽን ወደ መጽሐፍ፣ ከመርማሪ ወደ ተመራማሪ ተሻገሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ወደ ታች ተመለሰ፤ ያውም ከበፊቱ ከፍቶ። በቀይ ሽብር ዘመን «ምርመራ» ማለት ወፌ ላላ ነበር። መንግሥት ተቀየረ፤ ፒያሳ አጠገብ ያለው ማዕከላዊ ግን የወንጀል ምርመራ የሚለውን ስሙን እንደያዘ እስረኛ መቀበሉን ቀጠለ። የሚዘጋ መሆኑ የተነገረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ግቢ የወጣ ሰው «መርማሪዬ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ዘመድ በባለቤትነት ይጠራዋል፤ ድምፁ ግን ይወርዳል።

የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ሰው ሲገደል የተቋቋመው ኮሚሽን ስሙ «አጣሪ» መባሉ በአጋጣሚ ይሁን በምርጫ፣ ያኛው ቃል ቀድሞ እንደቆሸሸ የሚያሳይ ይመስለኛል። አጣሪዎቹም ቤት ለቤትና ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞረው ቆጠሩ። 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አገኙ። የተወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር ወይ በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጡም 8 ለ 2 ሆነው «አልነበረም» አሉ። ውሳኔውን እንዲቀይሩ ጫና በዛባቸው። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጡ፤ የደረሱበትን ለዓለም የተናገሩት በስደት ሆነው ነው። ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት የሟቾቹን ቁጥር አልቀነሰም። የተቀየረው ድምዳሜው ነው።