አልሰግድም ያሉት መነኮሳት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ስለ ደቂቀ እስጢፋኖስ ነው። ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ።

እኔ ያደግሁት ጎንደር፣ በተዋሕዶ ቤት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ቤተ እስራኤል ናት። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ዓርብ ማታ፣ አማቴ ቤት የሻባት ማዕድ ቀርቦ ሳለ እኔ ሽሮዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። እማማ አዩኝና «ልጄ፣ አምነህበት ነው የምትጾመው ወይስ ለምዶብህ?» አሉኝ። ለነገር አልነበረም፤ እንዲያው ማወቅ ፈልገው ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። «እናቴም ትጾም ነበር» አልኩ። «እሱማ የእናትህ ጾም ነው» ብለው ዶሮውን ለልጆቹ ማውጣት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ነው የደቂቀ እስጢፋኖስን ታሪክ እንደገና ያነሳሁት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ ስለመለሱት ግዕዝ የማናውቅ ሰዎችም እናነበዋለን።

አባ እስጢፋኖስ በ15ኛው መቶ ዘመን የነበሩ የአጋሜ ሰው ናቸው። ገና ወጣት ሳሉ መነኮሱ። በገዳሙ ያዩት ነገር ግን አላረካቸውም፤ መነኩሴ በእጁ ሥራ ይብላ፣ የነገሥታትን ስጦታ አይጠብቅ አሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ማንም አይነካቸውም ነበር። ከባዱ ነገር ስግደት ላይ መጣ። ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ነው፤ ለንጉሥ አልሰግድም አሉ። ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። ከሳሾቹ «ጸረ ማርያም» አሏቸው።

የገጠማቸው ንጉሥ ደግሞ እንደሌላው ንጉሥ አልነበረም። ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ማለቴ ነው) ራሱ የሃይማኖት ሊቅ ነው፤ መጽሐፈ ብርሃን የሚባለው የእሱ ነው ይባላል። የማርያምን በዓላት በአዋጅ አስከብሯል። ለዓመታት ሲያከራክር የነበረውን የቅዳሜ ሰንበት ጉዳይ በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዘግቶ፣ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ወስኗል። እዚህ አገር ለምንኖር ሰዎች ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ግን ዜና መዋዕሉን ስታነቡት ደማችሁ ቀዝቀዝ ይላል። ሰው ሁሉ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንንና ዳስክ የሚባለውን ጣዖት መካዱን የሚናገር ጽሑፍ እንዲይዝ ታዘዘ። እምነት በግንባር ላይ! የራሱ ልጆች እንኳ ለጣዖት ሰገዱ ተብለው በሐሰት ተከሰው ተቀጡ፤ በግርፋቱ የሞቱም አሉ። ንጉሡ አስመሳይ ነበር አልልም። እኔ እንደሚመስለኝ ከልቡ ያምን ነበር፤ ችግሩ የእሱን ልብ ለሌላው ሰው በአዋጅ ማደል መፈለጉ ነው።

አባ እስጢፋኖስ በእስራት ላይ እንዳሉ አረፉ። ተከታዮቻቸው ግን አልተመለሱም። አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ በተወገሩበት ቦታ ከሰማይ ብርሃን ታየ ይላል ዜና መዋዕሉ፤ ንጉሡም እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ደብረ ብርሃን የምንለው ከተማ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር፣ ያ ብርሃን ለወጋሪዎቹ ነው ወይስ ለተወገሩት የወረደው እላለሁ።

የተረፉት ወደ ጉንዳ ጉንዶ ሸሹ፤ ገዳሙ ዛሬም በአጋሜ ገደል ሥር አለ። እዚያ ብራና ሲፍቁና ሲጽፉ ኖሩ። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ተርፈዋል። ኋላም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ታረቁ።

ይህን ሁሉ ለእማማ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ጸጋ አምላክን ረሳኸውሳ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቤተ እስራኤል ትውፊት አባ ጽብራ የሚባሉ ክርስቲያን መነኩሴ ወደ ቤተ እስራኤል እምነት ገቡ፤ የዘርዓ ያዕቆብ ልጅ ጸጋ አምላክም ተከተላቸው፤ የቤተ እስራኤል ምንኩስናም ከእነሱ ጀመረ። አስቡት እንግዲህ፣ የአገሩን ሰው ግንባር ያጻፈው ንጉሥ፣ ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ሄደ።

ልማድን ግን እንዲሁ ልጥለው አልችልም። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ሥላሴን አስረጂኝ ብላት ትስቅብኛለች። ሆኖም ሌሊት ለኪዳን ስትነሳ ማንም አላዘዛትም። የእሷን ልማድ ከእምነቷ ለዩልኝ ብባል አልችልም። የራሴን ግን መለየት የምችል ይመስለኛል፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እማማ እንደገና መጠየቃቸው አይቀርም፤ ዘንድሮ «እናቴ ትጾም ነበር» አልላቸውም። ሌላ የምለው ግን ገና አላገኘሁም።