የሰንበቴ ማዕድ በነፋስ ስልክና በላፍቶ አጥቢያዎች

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚባለው አገር፣ እሑድ ጧት ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ ነጠላቸውን ያጣፉ ጥቂት አረጋውያንና እናቶች ከብዙኀኑ ተለይተው በዐፀዱ ጥግ ወደምትገኝ ዝቅተኛ ቤት ጎራ ይላሉ። ይህች የሰንበቴ ቤት ናት። ግድግዳዋ አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ፣ ዕቃዋም አግዳሚ ወንበርና የጠላ ጋን ብቻ በመሆኑ፣ ስለ አብያተ ክርስቲያናት የሚጽፉ ሰዎች የጉልላቱንና የሥዕላቱን ነገር በሰፊው ሲያትቱ እርስዋን ሳያነሡ ያልፋሉ። እኔ ግን የዚህን የከተማ ክፍል ታሪክ ማወቅ የሚሻ ሰው ከጉልላቱ አስቀድሞ ይህችን ቤት ቢመረምር ይጠቀማል ባይ ነኝ፤ ለነዳያን ምጽዋት ተብሎ የተዘረጋው ማዕድ፣ መጋቢዎቹ ሳያስቡት፣ ወገን ያልነበራቸውን እነርሱን ራሳቸውን እርስ በርስ ያዛመዳቸው በእርስዋ ውስጥ ነውና።

የልማዱ ሥር ሩቅ ነው። በሐዋርያት ዘመን ምእመናን ከጸሎት በኋላ በአንድነት ይመገቡ እንደ ነበር መጻሕፍት ይመሰክራሉ። በአገራችን ደግሞ ሰንበትን የማክበር ነገር ሊቃውንትን እስከ መለያየት ያደረሰ ብርቱ ጉዳይ ነበር፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለታቸው ለረጅም ጊዜ ተነቅፈውና ተሰድደው ከኖሩ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 በደብረ ምጥማቅ በሰበሰቡት ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። እንዲህ በተደከመላት ዕለት ከሥራ መከልከል ብቻውን ክብር ሊሆናት አይችልም፤ የተራበን ማጥገብም ከክብሯ ይቆጠራል፤ ሰንበቴም የቆመው በዚህ አሳብ ላይ ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ይመስላል። ማኅበር በወር በወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን፣ ማለትም ለአቦ በ5፣ ለሚካኤል በ12፣ ለገብርኤል በ19፣ በየአባሉ ቤት ሲጠጣ፣ ሰንበቴ ግን ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድ አይወጣም። ተረኛው እንደ አቅሙ ዳቦውን፣ ንፍሮውንና ጠላውን አዘጋጅቶ ያመጣል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ይባርካሉ፤ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ሥርዓቱን ይመራል፤ ጸበል ጻዲቁም ለካህናቱ፣ ለአባላቱ፣ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ነዳያንና መንገድ ለጣለው እንግዳ ይታደላል። ሥላሴ በእንግዳ አምሳል ወደ አብርሃም ድንኳን መግባታቸውን የሚያስታውስ ማኅበርተኛ፣ የማያውቀውን ሰው ከደጅ ለመመለስ አይደፍርም። በመጨረሻ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ይረከባል፤ የተረፈውን ቁራሽም እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በረከት ነው ብለው ለልጆቻቸው ይወስዱታል።

ከዚህ ቀላል ሥርዓት ውስጥ ግን ብዙ ነገር ተሰውሯል። ከባልንጀራው የተጣላ ሰው ቂሙን እንደ ያዘ ከጽዋው ሊቀርብ ስለማይገባው፣ ሙሴውና ሽማግሌዎቹ አስቀድመው ያስታርቁታል፤ በዚህም ፍርድ ቤት ሳይደርስ የቀረው የወሰንና የብድር ክርክር ስንት እንደ ሆነ የሚቈጥረው የለም። ተራው ደርሶ የቀረ አባል «ምን አግኝቶት ይሆን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ እንደ ሆነ ይጎበኛል፤ ሞቶ እንደ ሆነ የሰንበቴ ወንድሞቹ ይቀብሩታል። ከነዳያኑ ጋር ያለው ነገርማ ከሁሉ ይደንቃል፤ እንጀራ ተቀባዩ ስለ ሰጪው ሙታን ስለሚጸልይ፣ ማን ባለዕዳ ማን ባለውለታ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ በደቡቡ የከተማ ክፍል ልዩ ትርጉም ያገኘበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር፣ ላፍቶ፣ ጀሞና ለቡ የኦሮሞ ገበሬዎች የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበሩ። ከተማይቱ ወደ ደቡብ የሰፋችው ኋላ ነው፤ በተለይ ከጠላት (ከጣልያን) ወረራ በኋላ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ፋብሪካዎች ሲከፈቱ፣ ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከሰላሌ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጣው ሠራተኛ በሳሪስ፣ በጎፋና በቄራ ዙሪያ ሰፈረ። ይህ ሰው በትውልድ ቀዬው ሳለ ሲታመም የሚጠይቀው አጎት፣ ሲሞት የሚያለቅስለት የአክስት ልጅ፣ ሲበድል የሚገሥጸው የነፍስ አባት ነበረው፤ እዚህ ግን የሚያውቀው ቢኖር አሠሪውንና የቤት አከራዩን ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲስም የሰንበቴ አባል እንዲሆን ተጠየቀ፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ዳቦና ጠላ አቀርባለሁ ብሎ ገባ፤ ለነፍሴ ስንቅ ይሆነኛል ብሎ የገባበትም ነገር ሥጋውን በቁሙ የሚያስብ ቤተ ዘመድ አወረሰው። መንዜው የጉራጌውን ልጅ ክርስትና አነሣ፤ የወሎዋ እመቤት የጎጃሜውን ባለቤት አረሰች። አስቦ ያቀደው ማንም ሰው አልነበረም።

ዕድርም ቢሆን ከዚሁ መንፈስ የራቀ አይደለም። በኻያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ እንደ ተጀመረና በጠላት ወረራ ጊዜና ከዚያ ወዲህ እንደ ተስፋፋ የሚነገርለት ይህ ማኅበር፣ ከሰንበቴ የሚለየው በጥሬ ገንዘቡና በድንኳኑ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳዳት ልማድ በጻፉ ጊዜ፣ ጉዳዩ የምሁራንን ትኩረት የሚገባው መሆኑን አሳይተዋል።

ነቃፊ አልጠፋም። ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች፣ ሰንበቴም ሆነ ተዝካር ገንዘብ ማባከኛ ነው፣ ይህ ሁሉ እህል ለጠላ ከሚጠመቅ ትምህርት ቤት ቢሠራበት ይሻል ነበር ይሉ ነበር። ስለ ተዝካር የተናገሩት አብዛኛው እውነት ነው፤ በሬውን ሸጦ የአባቱን ተዝካር ያወጣ ገበሬ ልጆቹን አስርቧል። (ከሰንበቴ ቤት ሞቅ ብሎት የወጣ አባልም አልፎ አልፎ አልታጣም፤ ይህን የሚሸሽግ ጸሐፊ አይታመንም።) ሰንበቴ ግን በተራ የሚደርስ፣ በአቅም የሚለካ ስለ ሆነ፣ ከተዝካር ጋር አንድ ላይ መኮነኑ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መረዳዳቱ ኋላ በይፋ ድርጅት መልክም ታየ፤ በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና የተራድኦ ድርጅቷን አቋቋመች። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ በነበሩበት ጊዜ፣ ወንጌልን መስበክና የሰውን ሥጋዊ ኑሮ ማሻሻል ሊነጣጠሉ አይገባም የሚል ደብዳቤ ለውጭ አጋሮቿ ጻፈች፤ የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ሴሚናሪ እዚሁ መካኒሳ ውስጥ መሆኑም ለሰፈሩ ታሪክ አንድ ክፍል ነው። በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ ሰበካ ጉባኤን አደራጀ፤ በ1967 ዓ.ም. የደርግ አዋጆች የቤተ ክርስቲያንን መሬትና የሚከራዩ ቤቶች በወረሱ ጊዜም፣ አጥቢያው በምእመናኑ መዋጮ ሊቆም የቻለው በሰበካ ጉባኤው ነው። የእኔ አስተያየት ግን፣ ከሰበካ ጉባኤ በፊት ምእመኑን በተራ መስጠትና በአንድነት መምከር ያለማመደው ሰንበቴ ነው የሚል ነው።

አሁን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ፣ ከመሐል ከተማ የመጡት ብዙ ቤተ ሰቦች የቀድሞ ዕድራቸውንና ሰንበቴያቸውን ጥለው ሰፈሩ፤ አንዳንዶቹ ለተራቸው ሲሉ ዛሬም በእሑድ ጧት ታክሲ ተሳፍረው ወደ ቀድሞ አጥቢያቸው ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ የደረጃ ጎረቤታቸውን ስም ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። በየደብሩ ቅጥር ዙሪያ ደግሞ የሚከራዩ ሱቆች እየተሠሩ ስለ ሆነ፣ ኪራይ የማታስገባው የጭቃ ቤት ቦታዋ ይፈለጋል። ስለዚህ በነፋስ ስልክና በላፍቶ አጥቢያዎች ያላችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ አዲስ ሕንፃ ስታስነድፉ ለሰንበቴ ቤት የሚበቃ ቦታ ለዩ፤ ሙሴዎቹ በየቤታቸው ያስቀመጡትንም የአባላትና የተራ መዝገብ፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ተቀብላችሁ ከደብሩ መጻሕፍት ጋር በዕቃ ቤት አኑሩ።