ግንበኛ አይገባም፦ የቬስፐር ጀልባ ክለብ ታሪክ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በእጃችሁ ሠርታችሁ ስለምትበሉ ብቻ ከጀልባ ውድድር ብትታገዱ ምን ይሰማችኋል? ቀልድ አይደለም፣ በ1920 የሆነ ነገር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከግድብ ነው።

በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ስኩልኪል የሚባል ወንዝ ያልፋል። ከተማዋ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ፌርማውንት ላይ ግድብ ሠራች። ዓላማው የመጠጥ ውሃ ነበር፤ ወንዙ መንኮራኩር ያሽከረክራል፣ መንኮራኩሩ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል፣ ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ ይገፋል። ከግድቡ በላይ ያለው ውሃ ግን እንደ ሐይቅ ረጋ። ለቀጭን የውድድር ጀልባ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

በዳርቻው የግል ክለቦች የጀልባ ቤቶቻቸውን በረድፍ ሠሩ። አንዱ በ1865 የተመሠረተው፣ በኋላ ቬስፐር የተባለው ክለብ ነው። የግል ክለብ ማለት አባላቱ አዋጥተው ጀልባ የሚገዙበት፣ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውንም ራሳቸው የሚወስኑበት ማኅበር ነው። ቬስፐር በ1900 እና በ1904 ኦሎምፒክ በስምንት ቀዛፊዎች ጀልባ ወርቅ ወሰደ።

አሁን ወደ ግንበኛው እንምጣ። ጆን ኬሊ የአየርላንድ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ጡብ እየደረደረ ነው ያደገው። በ1920 የቬስፐር አባል ሆኖ እንግሊዝ አገር በሚካሄደው ታዋቂው የሄንሊ ውድድር ለመሳተፍ ጠየቀ። አዘጋጆቹ አልተቀበሉትም። አንደኛ፣ ክለቡ በ1905 ለመጣበት ጉዞ ከሕዝብ ገንዘብ ሰብስቧል ተብሎ ታግዷል። ሁለተኛ፣ ደንባቸው በጉልበቱ የሚተዳደርን ሰው፣ መካኒክንም ጭምር፣ «አማተር» አይደለም ይል ነበር። እኔም መካኒካል ምህንድስና ስማር እጄ ግራሶ ሲነካው ነው የከረመው፤ ደንቡን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ።

ውሃ ግን ሥራህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚያውቀው አንድ ሕግ ነው፦ ጀልባን ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል በግምት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ፍጥነታችሁን በ10 በመቶ ለመጨመር 33 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ትከፍላላችሁ።

በዚያው ዓመት አንትወርፕ ላይ በተካሄደው ኦሎምፒክ ኬሊ ለብቻው ቀዝፎ እንግሊዛዊውን ጃክ ቤርስፎርድን በ1 ሰከንድ ቀደመው። ሰዓቱ 7 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነበር። ጀልባዎቹ እኩል ናቸው ብለን ብናሰላው፣ የኃይላቸው ልዩነት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም! ኬሊ በዚያው ቀን ከዘመዱ ከፖል ኮስቴሎ ጋር ሆኖ ሁለተኛ ወርቅ ደገመ።

ሄንሊ ያንን ደንብ ያነሳው በ1937 ነው። በ1947 የኬሊ ልጅ፣ ስሙም ጆን ኬሊ፣ አባቱ የተከለከለውን ውድድር ሄዶ አሸነፈ። በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት፣ ቬስፐር በስምንት ቀዛፊዎች ጀልባ እንደገና ወርቅ ወሰደ። ጀልባውን የመራው ከሀንጋሪ የተሰደደው የ46 ዓመቱ ሮበርት ዚሞኒ ነበር። ውድድሩ በጣም ከመምሸቱ የተነሳ መስመሩን በተኳሽ መብራት ነው ያበሩት።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ይል ነበር፤ ግን ሙሉ አይሆንም። ሄንሊ በሩን ዘግቶበት የነበረው ክለብ ያለበት ረድፍም ራሱ የወንዶች ነበር። ስለዚህ በ1938 ሴቶች የራሳቸውን የቀዘፋ ክለብ እዚያው ወንዝ ላይ አቋቋሙ።

እና የአንድን ክለብ ታሪክ ስታነቡ የሜዳሊያውን ዝርዝር ብቻ አትዩ። ደንቡንም አውጥታችሁ አንብቡት፤ ማን እንዳይገባ ተብሎ እንደተጻፈ ፈልጉ። ውሃው ያው ለሁሉም አንድ ነው።