ማነቆ የሰወረው ኃይል

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ወላይታ ሶዶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጊቤ 3 ግድብ ከጎረቤቷ ከቆመ ወዲህ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኃይል መገናኛ ሆናለች። ከእርሷ ተነሥቶ በኬንያ እስከ ሱስዋ የሚዘልቀው፣ ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማሳለፍ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በሁለቱ መንግሥታት የኃይል ድርጅቶች ውል መሠረት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የተወሰነው ሽያጭ 200 ሜጋ ዋት ነበረ። በዚያ ወራት የተላለፈውን ኃይል ብቻ ቆጥሮ የሚፈርድ ሰው ቢኖር፣ ይህን ታላቅ መስመርና 200 ሜጋ ዋት ብቻ የሚሸከም ታናሽ መስመርን አቻ ለአቻ ባደረጋቸው ነበር፤ ልዩነታቸውን የሰወረው የውሉ ወሰን ነውና።

በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዛሬ በሚማሩት በኮምፒውተር ጥበብ ውስጥም ይኸው ፍርድ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ ሰውን ሲያሳስት ኖሯል። ስሪዲኤፍኤክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቩዱ የተሰኘውን ግራፊክስ ካርድ ባወጣ ጊዜ የጨዋታን ሥዕል የመሳል ሸክም በከፊል ከፕሮሰሰሩ ላይ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው በቩዱ 2 ሁለት ካርዶችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ቢቻልም፣ ፕሮሰሰራቸው ደካማ የሆነባቸው ገዢዎች በትንሽ የማያ ጥራት ሲጫወቱ ሁለተኛው ካርድ የጨመረላቸውን ነገር ሊያዩ አልቻሉም።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ የእያንዳንዱን አካል ቦታና እንቅስቃሴ አስልቶ ትእዛዝ ያዘጋጃል፤ ካርዱም ትእዛዙን ተቀብሎ ነጥብ በነጥብ ይስላል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ የ40 ሥዕሎችን ትእዛዝ ብቻ የሚያደርስ ቢሆን፣ አንደኛው ካርድ 80፣ ሁለተኛው 160 የመሳል ዐቅም ቢኖራቸውም በሁለቱም የሚታየው 40 ብቻ ይሆናል፤ ብርቱውም ካርድ ትእዛዝ ሲጠብቅ ሥራ ይፈታል። ነገር ግን 640 በ480 የነበረው የማያ ጥራት ወደ 1,024 በ768 ከፍ ቢል፣ ነጥቦቹ ከ307,200 ወደ 786,432 ያድጋሉና፣ የፕሮሰሰሩ ድካም ብዙም ሳይጨምር የካርዱ ሸክም ከሁለት ዕጥፍ በላይ ይሆናል። ያን ጊዜ 80 መሳል ይችል የነበረው ወደ 31 ሲያሽቆለቁል፣ 160 መሳል ይችል የነበረው በ40ው ይጸናል፤ ኅቡዕ የነበረውም ክሡት ይሆናል።

የሙያው ሊቃውንት ይህን የፕሮሰሰር ማነቆ ለማስፋት ደክመዋል፤ ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጂፎርስ 256 በተሰኘው ካርድ የቅርጽና የብርሃን ስሌት ወደ ካርዱ ተዛወረ፤ ጨዋታውን ከካርዱ ጋር የሚያገናኙት ሥርዓቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ዳይሬክትኤክስ 12 እና በ2016 የተከተለው ቩልካን ደግሞ ትእዛዝ የማዘጋጀቱን ድካም ለፕሮሰሰሩ አቀለሉለት።

ስለዚህ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ካርድ ለመግዛት የሚያስብ የሶዶ ወጣት አስቀድሞ የማያውን ጥራት ከፍ አድርጎ ይፈትን፤ በሰከንድ የሚታየው የሥዕል ቁጥር ካልቀነሰ ገንዘቡን ለፕሮሰሰሩ ያውል፤ ከቀነሰ ግን ብርቱ ካርድ ዋጋውን ይመልስለታል። ዐቅሙ ሳይፈተን ለተመዘነ መሣሪያ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ፍርደ ገምድል ነውና።