የሥርዓተ ምግብ ምክር በፋርማሲ፦ የባለሙያው ሥልጠናና የተገልጋዩ ድርሻ

ፋርማሲስት፣ ታካሚው መድኃኒቱን ይዞ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት የሚያገኘው የመጨረሻው የጤና ባለሙያ ነው። መድኃኒት በአግባቡ መሥራቱ ደግሞ ከምን ምግብ ጋርና በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ይወሰናል። በመሆኑም ለፋርማሲ ባለሙያዎች የሚሰጥ የሥርዓተ ምግብ ሥልጠና የታካሚውን ደኅንነት በቀጥታ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ሥልጠናው ምን ሊያካትት ይገባል?

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት ቀድሞ በመድኃኒት ዝግጅትና አቅርቦት ላይ ያተኩር የነበረ ሲሆን፣ በሂደት ታካሚን ማዕከል ያደረገ የክሊኒካል ፋርማሲ ሥልጠና ተጨምሮበታል። የሥርዓተ ምግብ ትምህርት ለዚህ ሥልጠና ማሟያ ነው። በመደበኛ ትምህርትም ሆነ በተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ የሚሰጠው ሥልጠና ከአካባቢው አመጋገብ ሊነሣ ይገባል። በደብረ ማርቆስ፣ በጎዛምን ወይም በስናን የሚሠራ ባለሙያ ስለ ጤፍና ስንዴ፣ ስለ ሽሮ፣ ድንችና ጎመን እንዲሁም ስለ ጾም ወቅት አመጋገብ ማማከር መቻል አለበት። በተጨማሪም የምግብ እጥረት ምልክቶችን ለይቶ ታካሚውን ወደ ሕክምና መላክ ይጠበቅበታል። ለምሳሌ ዕድሜው ከ6 እስከ 59 ወር የሆነና የክንዱ ዙሪያ ልኬት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ምሳሌዎች

• የብረት ማዕድን እንክብል፦ ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንሱ አብረው አይወሰዱም። እንደ ብርቱካን ያሉ ፍራፍሬዎች ግን ያግዙታል።
• ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን፦ ከወተት ጋር ሲወሰዱ ኃይላቸው ይቀንሳል።
• ዋርፋሪን፦ ጎመንን በድንገት ማብዛት ወይም ማቆም የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል፤ መጠኑን ሳይለዋውጡ መመገብ ይገባል።
• አይሶናያዚድ (የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት)፦ የቫይታሚን ቢ6 እጥረትና የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊያስከትል ስለሚችል ቫይታሚኑ አብሮ ሊታዘዝ ይችላል።

ከጾም በፊት ያማክሩ

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታካሚ ምግብ ሳይቀምስ እስከ ቀትር በኋላ ቢቆይ የደም ስኳሩ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ስለሆነም ጾም ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪምዎንና ፋርማሲስትዎን ያማክሩ። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ መጠኑንም አይለውጡ። ማላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከተሰማዎት ወዲያውኑ ስኳር ይውሰዱ፤ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋምም ይሂዱ።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

መድኃኒት ሲረከቡ የሚወስዷቸውን ሌሎች መድኃኒቶች፣ እርግዝና ካለ እርግዝናውን፣ የሚጾሙ ከሆነም ጾምዎን ለባለሙያው ያሳውቁ። «ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከየትኛው ምግብ ጋር አይወሰድም?» ብሎ መጠየቅና በቂ ማብራሪያ ማግኘት የተገልጋዩ መብት ነው።