ከወህኒ አምባ እስከ ማረሚያ ቤት

ወህኒ ቤት የሚለው ስም የመጣው ከሌባ ወይም ከነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ ከንጉሥ ልጅ ነው። በጎንደር ዘመን ወንዶቹ የነገሥታት ዘሮች ለዙፋን እንዳይነሡ ዙሪያው ገደል በሆነው በወህኒ አምባ ላይ ይጠበቁ ነበር፤ ከዚያ ቀደም ደግሞ የአምባሰሉ ግሸን ለዚሁ ያገለግል ነበር። ተራው ጥፋተኛ ግን ለረጅም ዘመን እስር ቤት አላስፈለገውም፦ ሌባ ይገረፋል፣ ነፍስ ያጠፋ በደም ካሣ ይታረቃል ወይም ለሟች ወገን ይሰጣል፣ ተከሳሽና ባለዕዳም ከከሳሹ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ስለዚህ እስራት በአገራችን ጥፋትን ከመቅጣት ይልቅ የሚፈራን ሰው ከዓይን ለማራቅ የተጀመረ ነው እላለሁ።

አምባው ምሕረት ነበር የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ነገሥታት ወንድሞቻቸውን ሲገድሉ የእኛዎቹ አስቀመጡ፣ አንዳንዱም ከዚያው ወርዶ ነገሠ ይላሉ። ይህ እውነት ነው፣ ቀላልም አይደለም። ነገር ግን በአምባው ላይ ክስም፣ ፍርድም፣ የመፈቻ ቀንም አልነበረም፤ እስረኛው የሚወርደው ባለሥልጣን ሲፈልገው ብቻ ነው። ልማዱም ከአምባው ጋር አልቀረም። ከሥልጣን የተነሡት ልጅ ኢያሱ በፍቼ፣ ኋላም በጋራ ሙለታ ታስረው በ1928 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ዳኛ ፊት አልቀረቡም።

ከ1936ቱ የወህኒ ቤቶች አዋጅና ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በኋላ ነገሩ ተለውጧል የሚል ሰው ይኖራል። በእርግጥ እስራት በዓመት የሚቆጠር ቅጣት ሆነ፤ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ሕዝቡ ዋናውን ወህኒ ቤት ከጣሊያንኛ ወስዶ ከርቸሌ፣ ከራሱ ሐዘን ደግሞ ዓለም በቃኝ አለው፤ ያለ ምክንያት አይደለም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ በጥይት ያስደበደበው እዚያው ነው፤ ስንቅ ቋጥረው ይመላለሱ ለነበሩ ቤተሰቦች ወሬው የደረሳቸው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር።

ዛሬ ስሙ ማረሚያ ቤት ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 21 እስረኛ ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ በዘመድ፣ በሐኪምና በጠበቃ እንዲጎበኝ ይደነግጋል። ነገር ግን ያለ ክስ የሚያዝ አንድ ሰው እስካለ ድረስ ያ ሰው የተቀመጠው ማረሚያ ቤት ሳይሆን አምባ ላይ ነው። ዓለም በቃኝ ፈርሷል፤ በቦታው ከጥር 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ቆሟል።