የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርና ተተኪው ፈረሰኛ

የመሪዎች ስም በፈረሶቻቸው ስም በሚተካበት አገር ስለ ፈረስ መጻፍ በአመዛኙ ስለ ሥልጣን መጻፍ ሆኖ ኖሯል። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ የተወደሱት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር «ቃኘው» መባሉም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም የመጣ ነው። ዜና መዋዕሉ የጌታውን ፈረስ ስም ሳይዘነጋ ሲመዘግብ፣ ውርንጭላውን ያሳደገውን፣ ገብሱን ያበላውንና ኮርቻውን የሰፋውን ሰው ግን በዝምታ አልፎታል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ታሪክ ልዩ ትኩረት የሚሻውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ የፈረሱ ባለቤትና የፈረሱ አሳዳሪ በአብዛኛው አንድ ሰው፣ ይኸውም ገበሬው ነውና።

የአዊ ሕዝብ የሚኖርበት የምዕራብ ጎጃም ደጋ፣ በተለይም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው የእንጅባራ አካባቢ፣ ዝናብና ሣር የበዛበት ምድር ነው። እዚህ ፈረስ የጌጥ እንስሳ አይደለም። በሌላው የአገራችን ክፍል ቀንበር የበሬ ዕጣ ሲሆን፣ በአዊ ደጋ ፈረስም ያርሳል፤ እህል ወደ ገበያ ያደርሳል፤ ሙሽራ ያመጣል፤ ለቅሶ ያደርሳል። በሳምንቱ ቀናት ሞፈር ሲጎትት የሰነበተው ዳማ ወይም አምባላይ፣ በበዓል ቀን ግላስ ለብሶና ልጓሙ ተወልውሎ ሲወጣ ያየ የጥበብ ሰው፣ አንድ ተዋናይ በሁለት ገጸ ባሕርይ ሲጫወት የተመለከተ ያህል ይሰማዋል።

ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓላማው በዓድዋ ጦርነት ከሰው ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ማሰብ እንደነበረ ማኅበርተኞቹ ይተርካሉ። ዓመቱ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ጎጃም ገና በፋሺስት ወረራ ሥር የነበረች ሲሆን፣ አርበኞች በዱር በገደሉ ይዋጉ ነበር። ጠላት አገር ይዞ ሳለ፣ ያው ጠላት በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል የተመታበትን ጦርነት የሚያስታውስ ማኅበር ማቋቋም ከመታሰቢያነት ያለፈ ትርጉም እንደነበረው መገመት አያዳግትም። ዓመታዊው በዓል ጥር 23 ቀን መዋሉም የቅዱስ ጊዮርጊስን ዕለት ተከትሎ ነው። በዓሉም በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚሣለውን ሰማዕትና የዓድዋን ቀን በአንድነት ያስባል።

ማኅበሩ በቅርብ ዓመታት አባላቱ ከ50 ሺህ በላይ መድረሳቸው ይነገራል። ይህን ያህል ሕዝብ ያለ ደመወዝና ያለ ማስታወቂያ እንዴት ተሰበሰበ? መልሱ በከፊል በሜዳው ላይ ይገኛል። ፈረሰኛው ሽምጥ ሲጋልብ፣ በጉግስ ጊዜ ሁለት ወገን ሆኖ ዘንግ ሲወራወርና በጋሻ ሲመክት፣ ዳር ቆሞ የሚያየው ጎረምሳ ልቡ ይነሣሣል። ይሁን እንጂ ትርኢት ብቻውን ማኅበርተኛ አያቆይም። ጎረምሳውን ያስገባው ሜዳው ቢሆንም፣ ጎልማሳውን ያቆየው ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ አባል ሲሞት ጓደኞቹ በፈረስ ተሰልፈው ይቀብሩታል፤ ቤተሰቡንም ያጽናናሉ። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ቢጣሉ ወይም ደም ቢፈስ፣ የማኅበሩ ሽማግሌዎች በመካከል ገብተው ያስታርቃሉ። ከዚህ ማኅበር ውጭ መሆን ያለ አስታራቂና ያለ አልቃሽ መቅረት ማለት ነው። የባህል ጉዳይ የሚመለከታቸው ሠራተኞች ስለ በዓሉ ሲጽፉ በግላሱ ቀለም ላይ ማተኮራቸው፣ ይህን ዋና ምሰሶ ሳያዩት እንዲያልፉ ያደርጋቸዋል።

የዛሬው ፈተናም ከሜዳው ውጭ ነው የሚገኘው። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ የተባለ የግራር ዝርያ በገበሬው ማሳ ላይ በስፋት ተተክሏል። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ደርሶ ይቆረጥና ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። ገበሬው በዚህ ተጠቅሟል፤ ቤቱን በቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጁን ያስተማረ ብዙ ነው። ስለዚህ ዛፉን ማውገዝ የገበሬውን ገቢ ማውገዝ ይሆናል። ነገሩ ግን ሌላም ገጽታ አለው። ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ በመካከሉ ሣር ይታጨዳል፤ ዛፉ ቅርንጫፉን ዘርግቶ ሲገጥም ግን ሣሩ ይጠፋል። በዚያ ላይ የወል ግጦሹ ከሕዝቡ ቁጥር ማደግ ጋር እየተቆራረሰ መጥቷል። ፈረስ ደግሞ እንደ በግ በጓሮ ተወስኖ አይኖርም። ቀድሞ ፈረስ የሚያሳድግ ገበሬ ልጅ ያለ ጠያቂ ፈረሰኛ ይሆን ነበር፤ መሬት የጠበበበት ወጣት ግን ፈረሱን ከነኮርቻው በገንዘብ መግዛት፣ መኖውንም በገንዘብ መሸመት ግድ ይሆንበታል።

አዲስ አባል ማፍራት የሚለው ጥያቄ ከዚህ ላይ ሲደርስ የጥሪ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የደንብ ጥያቄ ይሆናል። ፈረስ የሌለው ወጣት በማኅበሩ ውስጥ ምን ቦታ አለው? ለሽምግልና፣ ለለቅሶ፣ ለእርቅ የሚያስፈልገው ሰው እንጂ ፈረስ አይደለም የሚል ቢነሣ ክርክሩ መሠረት አለው። ፈረስ የሌለው ፈረሰኛ ከተበራከተ የማኅበሩ ስም ባዶ ይቀራል የሚል ቢመልስም ስሕተት ነው አይባልም። ከሁለቱ የሚሻለው ሦስተኛ መንገድ ይመስላል። ይኸውም ሁለትና ሦስት ወጣቶች አንዱን ፈረስ በጋራ እንዲይዙ፣ በየቀበሌውም ለፈረስ የሚሆን የሣር መሬት በስምምነት ተከልሎ እንዲቆይ ማድረግ ነው። በጋራ ማረስና በጋራ መሰብሰብ በደቦና በወንፈል ለኖረ ሕዝብ እንግዳ አሠራር አይሆንበትም። የሣሩን መሬት መከለል ግን ከደቦ ይከብዳል፤ በዚያው መሬት ላይ ከሰሉ የሚያስገኘውን ገንዘብ ለመተው የሚስማማው ማን እንደሆነ፣ በሜዳው ጫፍ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ከጥር 23 በፊት ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው።